ሰባት ዓይን የጫነ ታንኳ

የሺመቤት ነጭ ሽንኩርቱን በወገቡ ለሁለት ቆረጠችው። ልጣጩን አላወለቀችም፤ ለመያዣ ይሆናል። የተቆረጠውን ፊት ሸራው ላይ፣ ከተሣለው ሰው አፍንጫ ጫፍ ወዲያ አስደግፋ፣ የግማሽ መዳፍ ያህል ቦታ በዝግታ አሸች። በደረቀ የዘይት ቀለም ላይ የውኃ ቀለም ቢያኖሩበት ቅቤ እንደነካው ውኃ ይንከባለላል፤ የነጭ ሽንኩርት ጭማቂ ግን ይይዘዋል። ጭማቂው እስኪደርቅ እፍ እፍ አለችበት። ከከሰሉ ዳር ከተጣደችው ጣሳ ለብ ያለ የቆዳ ሙጫ በማንኪያ ቀዳች። ሙጫው ቀጭን ነው፤ ሆን ብላ ነው ያቀጠነችው። የተፈጨ ቀይ አፈር ጨመረች፣ ጥቂት ጠመኔ ጨመረች፣ በጣቷ አሸችው፣ በአውራ ጣቷ ጥፍር ላይ ቀብታ ወደ ብርሃኑ አዞረችው። የጉንጭ መልክ ወጣው። ጉንጩን ቀባች። ነጩን አስከተለች። ከዚያ የቀጭኗን ብሩሽ ጫፍ በከንፈሯ አሹላ በኩራዝ ጥላሸት ነከረች፤ ትንፋሿን ያዘችና ብሌኑን አስቀመጠች።

"አንድ" አለች።

ሥዕሉን የሣለው አስማማው ከኋላዋ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆሟል።

"አለቀ?"

"ሦስት ሰው ይቀራል።"

"አልዞርም።"

"አትዙር። ብቻ ከሰሉን አራግብልኝ፤ ሙጫው ሊረጋብኝ ነው።"

ይህ የሆነው በ1971 ዓ.ም. ጳጉሜ መግቢያ ላይ፣ ባሕር ዳር፣ በየሺመቤት ሱቅ ጓሮ ነው። እኔ ሙያዬ የእንጨት ሥራ ነው። የዚያን ሸራ መወጠሪያ የሠራሁት እኔ በመሆኔ ሁሉን ቆሜ አይቻለሁ።

ሱቋ ከገበያው ወደ ሐይቁ በሚወርደው መንገድ ዳር ነበር። መስታወት ትቆርጣለች፣ ክፈፍ ትገጥማለች። የሠርግ ፎቶግራፍ፣ የመድኃኔ ዓለም ሥዕል፣ ቀበሌዎች የሚያሰቅሉት የመሪዎች ምስል፣ ሁሉም በእጇ ያልፋል፤ ለሁሉም ጥንቃቄዋ እኩል ነው። አባቷ መርስዔ ኀዘን በሐይቁ ደሴቶች ላሉ አብያተ ክርስቲያናት ሸራ የሚያሰናዱ፣ ከግድግዳ የተላቀቀ ሥዕል በሙጫ የሚመልሱ ሰው ነበሩ። ሙጫ መቀቀል፣ አፈር መፍጨት፣ የተፋቀ ዓይን መጠገን ከእሳቸው ነው የተማረችው።

የጓሮው ክፍል ግድግዳ ግን የራሷ ነው። ከካላንደር የተቆረጡ፣ ከአዲስ አበባ የሥዕል ትርኢት በራሪ ወረቀቶች የተቀደዱ፣ ከልብ ወለድ ሽፋን የተነሡ የዘመኑን ሠዓሊዎች ሥራ ትለጥፍበታለች። አንዳንዱ ሥዕል ሰው ነው ለማለት የሚያስቸግር፣ አንዳንዱ ቤቱ ያዘመመ፣ ሰማዩ ቀይ። ሰው ገብቶ "ይሄ ምኑ ያምራል?" ሲላት አትከራከርም። "ቁጭ በልና ሻይህን ጠጣ" ትላለች። ሻዩ ሲያልቅ "አሁንስ?" ትላለች። ሌላ ትምህርት የላትም።

በዚያ ክረምት ከመሠረተ ትምህርት መጽሐፍ አንድ ገጽ ቆርጣ ሰቅላ አገኘኋት። በሬ ነው።

"ጀርባውን እይ" አለችኝ። "ከሻኛው እስከ ጭራው አንድ መስመር ነው፤ እጁን አላነሣም። ይሄን የሣለው ሰው በሬን በመኪና መስኮት አላየውም፤ ከኋላው ሄዷል።"

"ስሙ የት አለ?"

"አልጻፉለትም። እኔ ካልሰቀልሁት ማን ያመሰግነዋል?"

አስማማው ከአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተመርቆ ለመምህርነት የተመደበ ቀጭን ልጅ ነው። ለአብዮቱ አምስተኛ ዓመት በዓል አዲሱ አዳራሽ ትልቅ ሥዕል እንዲኖረው የበዓሉ ኮሚቴ ሲያዘው ሸራውን ለማስወጠር ወደ እሷ መጣ። ግድግዳዋን አየ፣ ሻዩን ጠጣ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሱቋ አልጠፋም።

ሥዕሉን ሲጨርስ መጀመሪያ ያየችው እሷ ናት። እንጨት የጫነ ታንኳ ነው፤ አራት ሰው ተቀምጦበታል። ከሸራው የሚበዛውን የያዘው ውኃ ነው፤ ሰማያዊ ሳይሆን የክረምት ጣና፣ ጭቃ የጠጣ ውኃ። አራቱም ሰዎች ጎናቸውን ሰጥተው ወደ ቀኝ ያያሉ። የእያንዳንዱ አንድ ዓይን ብቻ ይታያል፤ አራቱም ዓይኖች ከሸራው ውጭ ባለ አንድ ነገር ላይ ተተክለዋል።

ብዙ ቆየች። ከዚያ ወደ ቀኝ ዞር ብላ ግድግዳውን አየች፤ እዚያ ምንም የለም። ሳቀች።

"አዞርኸኝ" አለችው። "የሚያዩትን እንዳይ አዞርኸኝ። ከተማውን ነው የሚያዩት፣ አይደለም? እንጨቱ ይሸጥ ይሆን አይሸጥ ይሆን እያሉ።"

አስማማው እስከ ጆሮው ድረስ ቀላ።

ችግሩ የመጣው ሥዕሉን አዳራሽ ወስደን ግድግዳው ላይ ስንለካ ነው። የኮሚቴው የፕሮፓጋንዳ ኃላፊ ጓድ ደሞዝ፣ ለስብሰባ የመጡ የገበሬ ማኅበር ሊቀመናብርትን አስከትሎ ገባ። ከእነሱ መካከል ከሐይቁ ማዶ የመጡት የቁንዝላው አያ አዘዘ ነበሩ። እንጨት ጭነው ሲመጡ ዳር ላይ አስማማው በእርሳስ ነድፏቸው ነበር፤ በታንኳው ጭራ ላይ መቅዘፊያ ይዞ የተቀመጠው ሰው እሳቸው ናቸው። ጠጋ አሉ። ፊታቸው እያደር ጠቆረ።

"ይሄ እኔ ነኝ?"

"እርስዎ ነዎት አያ።"

"አንዱን ዓይኔን ወዴት አደረስኸው?"

"ከአፍንጫዎ ማዶ ነው። ወደ ከተማው ዞረው ስለሚያዩ ነው የማይታየው።"

"ልጄ፣ በገዳማቱ ግድግዳ ላይ አንድ ዓይን ብቻ የሚሣልለት ማን እንደሆነ ታውቃለህ?"

የማያውቅ የለም። በእኛ አገር ሥዕል ደግ ሰው በሁለት ዓይኑ ያያል። ጎኑን ሰጥቶ በአንድ ዓይን የሚታየው ይሁዳ ነው፣ ሰይጣን ነው፣ ወይም ጦር የሚወጋው ወታደር። አስማማው ግን አዲስ አበባ በተማረው መንገድ ሲሥል ይህ ጨርሶ ትዝ አላለውም።

"ምን በደልሁህ?" አሉ አያ አዘዘ። የተናገሩት ሰው ለመጉዳት አልነበረም፤ ከፍቷቸው ነው። ደሞዝ ግን ቃሉን ከአየር ላይ ቀለበው።

"ሰፊውን ሕዝብ ይሁዳ አድርገኸዋል ማለት ነው።"

"ጓድ፣ እኔ እንዲህ ብዬ አላሰብሁም።"

"እኔም አላልሁም። ሕዝቡ ነው ያለው።" ሥዕሉን ከላይ እስከ ታች አየው። "ጳጉሜ ሦስት ኮሚቴው መጥቶ ያያል። ታርሞ ካላገኘሁት ሥዕሉ ለማገዶ፣ ሠዓሊው ለምርመራ።"

በዚያ ዘመን ምርመራ ምን እንደሆነ የሚጠይቅ አልነበረም። ከአስማማው የሥራ ባልደረቦች መካከል ባለፈው ዓመት ለምርመራ ተጠርተው የሄዱ ነበሩ፤ ወንበራቸው እስካሁን ባዶ ነው።

ሸራውን ይዘን ሱቅ ስንመለስ አስማማው ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

"ሁለተኛ ዓይን ከምጨምርበት ጣቴን ይቁረጡት።"

"ጣትህን የጠየቀህ የለም" አለች የሺመቤት። "የተጠየቅኸው ዓይን ነው።"

"አይገባሽም እንዴ? ወደ እኛ ካዩ ሥዕሉ ሞተ። ወደ ቀኝ የሚያዞረሽ ምን ቀረ?"

"ይገባኛል። ይልቅ አንተ ስማኝ። በዘይት ቀለም ካረምኸው ለዘላለም ታርሟል። እኔ ግን በሙጫና በአፈር ላይ ላዩን እቀባዋለሁ። ከሩቅ የሚለየው የለም። በዓሉ ሲያልፍ በጥጥና ለብ ባለ ውኃ አጥበዋለሁ፤ ታች ያለው ሥዕልህ አንድ ነገር አይሆንም።"

"ከዚያ በፊት ካወቁስ?"

"ካወቁማ ሦስታችንም ነን።"

"ሦስታችንም?" አልሁ እኔ።

"መወጠሪያውን የሠራኸው አንተ አይደለህም?"

በዚህ ተስማማን። ከውኃ በቀር የሚያስፈራው ነገር አልነበረም፤ ጊዜው ደግሞ ክረምት ነው። አዳራሹ ጣራ ላይ ወጥቼ የቆርቆሮውን ሚስማር አንድ በአንድ መታሁ፤ የላላውን ቀየርሁ፣ ቀዳዳውን በሬንጅ ደፈንሁ። ከላይ አንዲት ጠብታ እንዳትወርድ አድርጌያለሁ። በበር በኩል ስለሚገባው አላሰብሁም።

የአራተኛው ሰው ዓይን ሲያልቅ የሺመቤት ብሩሹን አስቀምጣ ወደ ኋላ ሸሸች። አራቱም አሁን ከታንኳው ላይ ሆነው ፊት ለፊት ያዩናል፤ ፎቶ ሊነሡ የተሰለፉ ይመስላሉ።

"እኔን ያዩኛል" አለች። "ሥዕሉ ግን ማየት ተወ።"

አስማማው ዞሮ አየ። ጃኬቱን አንሥቶ ወጣ።

ጳጉሜ ሦስት ጠዋት፣ ሸራውን አዳራሽ አቁመን ኮሚቴውን ስንጠብቅ ዘነበ። ሩፋኤል ነው፤ የዚያን ዕለት ዝናብ እኛ ዘንድ ጠበል ነው። ልጆች ልብሳቸውን አውልቀው ከየጣራው ክፈፍ ሥር ይዘላሉ፣ እናቶች በመዳፋቸው እያጠራቀሙ ግንባራቸውን ይቀቧቸዋል። ያንን ሲያይ አስማማው ፊቱ እንደ ጠመኔ ነጣ። የሺመቤት ግን ጣራውን ቀና ብላ አየችና ራሷን ነቀነቀችልኝ፤ ደረቅ ነው።

ኮሚቴው በጃንጥላ መጣ። ደሞዝ ቀጥታ ወደ ሥዕሉ ሄደ። ዓይኖቹን አንድ በአንድ ቆጠረ። ከዚያ አፍንጫውን አስጠጋ።

"ምንድን ነው የሚሸተው?"

አስማማው አፉን ከፈተ፤ የሺመቤት ቀደመችው።

"ቁርሴ ነው ጓድ። ሽሮ በልቼ ነው የመጣሁ።"

"ነጭ ሽንኩርት አብዝተሻል።"

"ለብርድ ብዬ ነው።"

አንድ ሁለት እርምጃ ከእሷ ራቀ፤ በመራቁም ከሸራው ራቀልን። ለኮሚቴው ሰዎች ዞሮ ስለ ሕዝብ ሂስ ጥቅም መናገር ጀመረ። ያን ጊዜ ነው ሊቀመናብርቱ የገቡት። አያ አዘዘ መጨረሻ ላይ ናቸው፤ ጋቢያቸው ከላይ እስከ ታች ይንጠባጠባል። መጠረጊያ ጨርቅ ዘረጋሁላቸው።

"የሩፋኤልን ጠበል ልጠርገው?" አሉኝ ዝቅ ብለው። አልፈውኝ ሄዱ።

ራሳቸውን በሥዕሉ ላይ ሲያዩ ፊታቸው በራ።

"ተባረክ ልጄ" አሉት አስማማውን። "አሁን ሰው ሆንሁ።"

ቀጥሎ ያደረጉትን ነገር ከቁንዝላ የመጣ ማንኛውም አባት ያደርገው ነበር። የጋቢያቸውን ጠርዝ ጨመቁ። ውኃው መዳፋቸውን ሞላ። በዚያ ቀን የልጅን ፊት እንደሚቀቡ፣ በታንኳው ጭራ ላይ የተቀመጠውን የራሳቸውን ፊት በጠበሉ ዳበሱት፤ ከግንባር ወደ ጉንጭ፣ በፍቅር።

አስማማው አንድ እርምጃ ሄዶ ቆመ። ቢጮህ ምሥጢሩ ይወጣል፤ ቢዘል ይወጣል። የሺመቤት የነጠላዋን ጫፍ ጨብጣ ቀረች። ቀዩ አፈር ለቀቀ፣ ጠመኔው ለቀቀ፣ ብሌኑ ቀጥ ብሎ ወረደ። ዓይኑ ከነጉንጩ በአያ አዘዘ መዳፍ ላይ ቀረ፤ በነበረበት ቦታ ጭቃማው ጣና ተመለሰ።

መዳፋቸውን አዩ። አሸተቱት። የሺመቤትን አዩ፣ አስማማውን አዩ። ከዚያ እንደገና ወደ ሥዕሉ ተመለሱ፤ በዚህ ጊዜ ረጅም አዩት። የእሳቸው ምስል ብቻ ነው ጎኑን የሰጠው፤ ሌሎቹ ፊት ለፊት አፍጥጠዋል፣ እሱ ብቻ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። የአያ አዘዘ ራስ በዝግታ ወደ ቀኝ ሲዞር አየሁ። በቀኝ በኩል በሩ ነው፤ ከበሩ ውጭ ዝናቡ፣ ከዝናቡ ማዶ ከተማው።

"ይሄ ምንድን ነው?" የደሞዝ ድምፅ ነው። ንግግሩን አቋርጦ መጥቷል። "ይሄኛው አንድ ዓይን ነው ያለው። ቅድም ሁለት አልነበረም?"

ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይሰማል። አያ አዘዘ መዳፋቸውን ጨበጡ። ያችን መዳፍ ቢዘረጓት የአስማማው ነገር አብቅቶ ነበር።

"አንድ ነው ጓድ" አሉ። "የእኔን ተዉልኝ ብዬ የለመንሁ እኔ ነኝ።"

"ቆጥሬያለሁ እኮ።"

"ስምንት አገኘህ? እስኪ መልሰህ ቁጠረው።"

ደሞዝ ቆጠረ። ሰባት ነው። ሰው ሁሉ እያየው መሆኑን አወቀ።

"ባለፈው አንድ ዓይን የይሁዳ ነው ብለው ያማረሩት እርስዎ አይደሉም?"

"ነኝ። ቤቴ ገብቼ ሳወጣ ሳወርደው ግን፣ ስብሰባ በጠራችሁን ቁጥር 'በመካከላችሁ ጠላት አለ' ትሉናላችሁ። አራት ሰው ታንኳ ላይ አስቀምጦ አራቱንም ጻድቅ ማድረግ ውሸት አይሆንም? ታዲያ በጎረቤቴ ከማመካኝ፣ እኔው ልሁን አልሁ።" ጨመሩበት። "ግለ ሂስ አድርጉ ትሉን የለም? ይሄው የእኔ።"

ከሊቀመናብርቱ አንዱ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ከዚያ ሌላው። የኮሚቴው ሰብሳቢም ፈገግ አሉ። ደሞዝ ብቻ አልሳቀም፤ ወደ አስማማው ዞረ።

"አንተ ይሄን አስበህ ነው የሣልኸው?"

አስማማው ውሸት የማያውቅበት ልጅ ነበር፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። የሺመቤት ዓይኗን ጨፈነች።

"ሥዕሉ ያው የሚታየው ነው ጓድ" አለ። "ከዚያ በላይ አላውቅም።"

ደሞዝ አመነታ። ከዚያ፣ ሌላው ሁሉ ስለሳቀ ይሆናል፣ ለአያ አዘዘ እጁን ዘረጋላቸው። እሳቸው የጨበጡትን ቡጢ አልፈቱም። እጁ ውኃ ወይም ወጥ የነካው ሰው እንደሚያደርገው ጎንበስ ብለው አንጓቸውን ሰጡት። አንጓቸውን ጨበጣቸው። በጣቶቻቸው መሐል ቀይ ውኃ ስትወርድ አየሁ፤ ደሞዝ ግን ፊታቸውን ነበር የሚያየው።

"ይሰቀል" አለ።

ውጭ፣ ከጣራው ክፈፍ ሥር፣ አያ አዘዘ እጃቸውን በዝናቡ ታጠቡ። አስማማው አጠገባቸው ቆሟል።

"ለካ ከተማውን ነው የማየው" አሉት።

"ያን ዕለት ነግሬዎት ነበር አያ።"

"ነገርኸኝ እንጂ አላሳየኸኝም።" እጃቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። "ነጭ ሽንኩርቱ የማን ነው?"

"የእኔ ነው" አለች የሺመቤት።

"አበዛሽው።"

በዓሉ አለፈ። ቁንዝላ ውስጥ አያ አዘዘን "አንድ ዓይናው" ማለት ለመዱ፤ አንዳንዱ ለቀልድ፣ አንዳንዱ ለክፋት። እሳቸው እስከ ዕለተ ሞታቸው ምክንያቱን ለማንም አልተናገሩም። አስማማው በጥቅምት ወደ ሩቅ አገር ተዛወረ። ሲሰናበታት ያላት አንድ ነገር ነው፦ "ዓይኖቹን አጥቢልኝ።"

አላጠበችም፤ አልቻለችም። የአዳራሹ ቁልፍ ደሞዝ ዘንድ ነበር። አቧራ ላራግፍ ብትል፣ ክፈፉ ላላ ብትል፣ "የኮሚቴ ንብረት ነው" እያለ ይመልሳታል። ሱቋን ዘግታ በሄደች ቁጥር በአዳራሹ መስኮት ታያቸዋለች፤ ሦስቱ ያፈጥጡባታል፣ አያ አዘዘ ብቻ መንገዱን ያያሉ። በኋላ አዳራሹ የእህል መጋዘን ሆነ፤ ሥዕሉ ከወንበሮቹ ጋር ተጭኖ ሄደ። ወረታ ነው ያለ አለ፣ ጎንደር ነው ያለ አለ፣ አዲስ አበባ አንድ ቢሮ ውስጥ አየሁት ያለም አለ። አስማማው የት እንደደረሰ የሚነግረን አላገኘንም።

ደርግ ወርዶ ዘመን ተለወጠ። የሺመቤት ዛሬ መስታወት አትቆርጥም፤ እጇ ይንቀጠቀጣል። ግድግዳዋ ግን አሁንም አለ፤ የበሬው ገጽ ቢጫ ሆኗል። ይህን ልጽፍ ነው ስላት ሻይ አስቀርባ አስቀመጠችኝና፣ ላንባቢው እንዲህ በልልኝ አለች፦

"እንጨት የጫነ ታንኳ፣ አራት ሰው፣ ሰባት ዓይን ያለበት ትልቅ ሸራ በአንድ ቢሮ ወይም መጋዘን ግድግዳ ላይ ያየህ ሰው፣ አስቀያሚ ነው ብለህ አትጣለው። እነዚያን ዓይኖች የቀባሁ እኔ ነኝ፤ ሠዓሊው አይደለም። ላምባ አታስነካው፣ ሳሙና አታስነካው። ጥጥ ለብ ባለ ውኃ ንከርና ጨምቀው። ከአፍንጫቸው ማዶ ባለችው ጉንጭ ላይ አሳርፈው፤ አትሽ፣ ያዝ አድርግና አንሣው። የተሣለው ውኃ ከሥር እስኪወጣ ድረስ ደጋግም። ሲያልቅ ወንበር ስበህ ቁጭ በልና ወደ ቀኝ የሚያዞርህ እንደሆነ እይልኝ። ሦስቱን ብቻ ነው ታዲያ። አያ አዘዘን አትንካቸው፤ እሳቸው ታጥበዋል።"